ለሳይንስ ማኅበር የወሎ ቅርንጫፍ መተዳደሪያ ደንብ አዘገጃጀት

ወሎ ውስጥ የሳይንስ ሰው ሞልቷል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ወልድያ ላይ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ያስተምራሉ። ሲሪንቃና ሰቆጣ የግብርና ምርምር ማዕከላት አሏቸው። በየሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ አለ። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ላይ የሚሠሩ ኬሚስቶች አሉ። በየወረዳው ደግሞ ባዮሎጂ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን አሉ።

አብዛኞቹ በየሙያቸው አገር አቀፍ ማኅበር አላቸው። ችግሩ ጉባኤው አዲስ አበባ መሆኑ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰቆጣ ደግሞ በጣም ይርቃል። ለአንድ ቀን ስብሰባ ያን ያህል መንገድ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ "እዚሁ ቅርንጫፍ ይከፈትልን" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው።

ቅርንጫፍ መክፈት ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ማቆየቱ ነው። ሰብሳቢው ለሦስተኛ ዲግሪ ይሄዳል። ጸሐፊዋ ወደ ሌላ ከተማ ትዛወራለች። ማኅተሙ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም። ቃለ ጉባኤው የአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። ማንም ሳይጣላ፣ ማንም ሳያጠፋ ቅርንጫፉ ይተኛል። እኔ ለደንብ ትልቅ ቦታ የምሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። እያንዳንዱን አንቀጽ ስትጽፉ "አሁን ያለን ሰዎች በሙሉ ቢሄዱ ይሄ ነገር ይሠራል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

አንደኛ፦ የዋናውን ማኅበር ደንብ አግኙና አንብቡ

ከባዶ ወረቀት አትጀምሩ። ዋናው ማኅበር ተመዝግቦ የሚሠራበት መተዳደሪያ ደንብ አለው። ሙሉውን ቅጂ አስልኩ። ከዚያ ሦስት ነገሮችን ፈልጉበት፦ ስለ ቅርንጫፍ ምን ይላል? ቅርንጫፍ እንዲከፈት የሚወስነው ማነው፣ ጠቅላላ ጉባኤው ወይስ ሥራ አስፈጻሚው? የቅርንጫፍን ደንብ የሚያጸድቀውስ ማነው?

ደንቡ ስለ ቅርንጫፍ ምንም ካላለ መጀመሪያ እዚያ ላይ ማሻሻያ እንዲደረግ ጠይቁ። ይሄን ሳትጨርሱ የምትጽፉት ደንብ መሠረት የለውም። ጸብ የመጣ ዕለት "ማን ፈቀደላችሁ?" ስትባሉ መልስ ታጣላችሁ።

የሕጉንም ነገር ቀድማችሁ አጥሩ። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ አገር አቀፍ ማኅበር የሚተዳደረው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው፤ የሚከታተለውም የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። በተለመደው አሠራር ቅርንጫፉ የራሱ የሕግ ሰውነት የለውም። የሚንቀሳቀሰው በዋናው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ነው። ውል የሚዋዋለው፣ ሒሳብ የሚከፍተው፣ ቢሮ የሚከራየው በውክልና ነው። እናንተ የምትጽፉት ደንብ እንግዲህ የውስጥ ደንብ ነው፤ ከዋናው ደንብ ጋር የተጋጨ አንቀጽ ዋጋ የለውም። ይሄንኑ በግልጽ ጻፉት፦

"ይህ ደንብ ከማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ጋር የሚቃረን ሆኖ ሲገኝ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የበላይነት ይኖረዋል።"

በአማራ ክልል ብቻ የሚሠራ፣ ራሱን የቻለ ማኅበር ማቋቋም ከፈለጋችሁ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ያ በክልሉ ሕግ የሚታይ ምዝገባ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ። አንዱን መርጣችሁ ጀምሩ።

ሁለተኛ፦ ወሎ ስትሉ የትኛውን?

"የወሎ ቅርንጫፍ" ብሎ መጻፍ ይቀላል። ግን ወሎ ዛሬ አንድ የአስተዳደር ክልል አይደለም። የድሮው የወሎ ጠቅላይ ግዛት አውሳን ጭምር ይይዝ ነበር፤ አውሳ ዛሬ አፋር ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ የሥራ ክልላችሁን በዞን ስም ዘርዝሩ፦ ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ወሎ፣ ዋግ ኽምራ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን። ደሴና ኮምቦልቻ የራሳቸው ከተማ አስተዳደር ስላላቸው በስም ይግቡ። ከሚሴ ወይም ባቲ የሚሠራ ባለሙያ "እኔ የእናንተ ነኝ ወይስ አይደለሁም?" ብሎ መጠየቅ የለበትም።

ድንበር ላይ ላለ ሰው ምርጫ ስጡት። "አባሉ የሚኖርበትን ወይም የሚሠራበትን አካባቢ መርጦ በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይመዘገባል" ማለት ይበቃል።

ጽሕፈት ቤቱ የት ይሁን የሚለው ብዙ ጊዜ የሚያጨቃጭቅ ጉዳይ ነው። ደሴ ይሁን የሚለው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል፤ መሐል ናት፣ መንገዱም ይገናኝባታል። ኮምቦልቻም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ግን ሁሉ ነገር ደሴ ከሆነ ወልድያ፣ ላሊበላና ሰቆጣ ያሉት ቀስ በቀስ ይርቃሉ። የእኔ ምክር ጽሕፈት ቤቱ ደሴ ይሁን፣ ጠቅላላ ጉባኤው ግን ይዙር ነው። አንድ ዓመት ደሴ፣ ቀጥሎ ወልድያ፣ ቀጥሎ ኮምቦልቻ። ይሄ በደንቡ ውስጥ ካልተጻፈ በልምድ አይመጣም። አዳራሽ የማግኘት ምቾት ሁሌም ወደ አንድ ቦታ ይጎትታችኋል።

ሦስተኛ፦ አባል ማነው?

ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ደንብ ሲያረቁ ሳያስቡት የሚሠሩት ነገር አለ። ራሳቸውን የሚመስል መስፈርት ያወጣሉ። "ሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ" ይላሉ። በአንድ መስመር የገጠር መምህሩ፣ የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስትና የፋብሪካው ኬሚስት ይወጣሉ። ቅርንጫፉም የአንድ ትምህርት ክፍል ስብሰባ ይሆናል። ዋናው ደንብ እስከፈቀደ ድረስ በሙያው የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውና በሙያው የሚሠራ ሁሉ ሙሉ አባል እንዲሆን አድርጉ። ዲፕሎማ ያለው ተባባሪ አባል፣ ተማሪ የተማሪ አባል ይሁን። የክብር አባልም ማከል ይቻላል፤ ግን ድምፅ አይኑረው።

ድምፅ ያለውና የሌለው በግልጽ ይለይ። በተለይ ይቺ አንቀጽ አትቅር፦

"የዘመኑን መዋጮ ጠቅላላ ጉባኤው ከሚካሄድበት ቀን 15 ቀን በፊት የከፈለ አባል ድምፅ የመስጠትና የመመረጥ መብት አለው።"

ቀኑ ካልተወሰነ በምርጫው ጠዋት በር ላይ የሃያ ሰው መዋጮ ባንድ ጊዜ የሚከፍል ይመጣል። ይሄ ለማንም ጥሩ አይደለም።

አባልን ማሰናበትም በቀላሉ አይሁን። ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ይኑረው፤ 30 ቀን ተገቢ ነው። ይግባኙ ወደ ዋናው ማኅበር ይሂድ። መዋጮ ባለመክፈል የቀረ ሰው ግን "ተሰናበተ" አይባልም። መብቱ ታገደ ይባላል፤ ሲከፍል ይመለሳል።

አራተኛ፦ ምልዓተ ጉባኤ፣ የሁሉም ችግር እናት

ብዙ ቅርንጫፍ የሚሞተው እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

85 አባላት አሏችሁ እንበል። ደንቡ "ሃምሳ በመቶ ሲደመር አንድ አባላት ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሟላል" ይላል። የ85 ግማሽ 42 ተኩል ነው። አንድ ሲደመር 43 ተኩል። እንግዲህ 43 ሰው ይበቃል ወይስ 44? 43 ሰው የመጣ ዕለት ክርክሩ ይጀመራል። "ከግማሽ በላይ" ብትሉ ኖሮ 43 በቂ ነበር፤ ክርክርም አይኖርም። ሁሌም "ከግማሽ በላይ" ብላችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ፣ ከምን ግማሽ? መዝገብ ላይ ካለው ሁሉ ወይስ መዋጮ ከከፈለው? ከተዛወሩ ቆይተው ስማቸው ያልተነሣ ሰዎች መዝገቡ ላይ ይኖራሉ። እነሱን ከቆጠራችሁ ምልዓተ ጉባኤ መቼም አይሞላም። "ድምፅ የመስጠት መብት ካላቸው አባላት ከግማሽ በላይ" በሉ።

ይሄም ሆኖ ላይሞላ ይችላል። ወልድያ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሰቆጣ ከዚያም በጣም ያልፋል። ዝናብ አለ፣ የመንገድ ጸጥታ ጉዳይ አለ፣ የፈተና ሰሞን አለ። ስለዚህ የሁለተኛ ጥሪ አንቀጽ ግድ ነው፦

"በመጀመሪያው ጥሪ ምልዓተ ጉባኤ ካልተሟላ ከ15 ቀን በኋላ፣ ከ30 ቀን በፊት ሁለተኛ ጥሪ ይደረጋል። በሁለተኛው ጥሪ የተገኙት አባላት ቁጥራቸው ድምፅ ካላቸው አባላት ከአንድ አራተኛ ካላነሰ ጉባኤው ይካሄዳል። ሆኖም ደንብ ማሻሻልና ቅርንጫፍ ማፍረስ በዚህ አኳኋን ሊወሰን አይችልም።"

አንዳንዱ ማኅበር "የተገኙት ብቻ ይወስናሉ" ብሎ ወለሉን ጨርሶ ይተወዋል። እኔ አልስማማም። አምስት ሰው ተሰብስቦ በሰማንያ ሰው ስም በገንዘብ ላይ እንዲወስን መፍቀድ አይገባም። አንድ አራተኛ ዝቅተኛ ወለል ነው፤ ግን ወለል ነው።

ድምፅ አቆጣጠሩ ላይም እንዲሁ ጠንቀቅ በሉ። 40 ሰው አዳራሽ ውስጥ አለ። 19 ደገፉ፣ 15 ተቃወሙ፣ 6 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሐሳቡ አለፈ ወይስ ወደቀ? "ከተገኙት ከግማሽ በላይ" ካላችሁ 21 ያስፈልጋል፤ ወድቋል። "ድምፅ ከሰጡት ከግማሽ በላይ" ካላችሁ 34 ሰው ነው የሚቆጠረው፤ 19 አብላጫ ነው፤ አልፏል። አንድ ቃል ነው ውጤቱን የገለበጠው። እኔ ለተራ ጉዳይ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ሰው ሳያውቀው ተቃዋሚ እንዳይሆን። ለደንብ ማሻሻያ ግን "ከተገኙት ሁለት ሦስተኛ" ይሁን፤ ከ40 ሰው 27 ማለት ነው። የቱንም ብትመርጡ መምረጣችሁን ጻፉት።

በስልክና በኢንተርኔት መሳተፍን ፍቀዱ። ሰቆጣ ያለን ሰው ካልፈቀዳችሁለት አባል ነህ ማለታችሁ ለስሙ ነው። ግን ኔትወርክ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል። ደንቡ ይሄንንም ያስብበት፦ በርቀት የገባ አባል ለምልዓተ ጉባኤ ይቆጠራል፤ ድምፅ በሚሰጥበት ሰዓት መስመሩ ከተቋረጠበት ጸሐፊው መልሶ ይደውልለታል፤ ካልተገኘ ድምፀ ተአቅቦ አድርጎ ይመዘገባል። ምስጢራዊ ምርጫ ሲሆን በርቀት ያለው አባል ድምፁን በዕጩነት ለማይቀርብ አንድ አስመራጭ በግሉ ይናገራል። ፍጹም አይደለም፤ ከመገለል ግን ይሻላል።

የስብሰባ ቀንም ደንብ ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው። አርብ እኩለ ቀን ጁምዓ አለ። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ሰኞ ደግሞ ባቲና ደሴ ገበያ ስለሆነ መኪና ማግኘት ይከብዳል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሁን፤ ከወልድያ በጠዋት የተነሣ ሰው ይደርሳል። ከረመዳን፣ ከዋና ዋና በዓላትና ከዩኒቨርሲቲ የፈተና ሳምንት ውጭ ይሁን። ጥሪው ከነአጀንዳው ከ21 ቀን በፊት ይድረስ። አጀንዳው መጨረሻ ላይ "ልዩ ልዩ ጉዳዮች" የምትባል አለች። በእሷ ሥር ገንዘብ የሚያስወጣ ውሳኔ እንዳይተላለፍ ከልክሉ። ሰው ሲደክመውና ግማሹ መኪና እንዳያመልጠው ሲወጣ ትልልቅ ነገር በዚያች ቀዳዳ ይሾልካል።

አምስተኛ፦ ሥራ አስፈጻሚ

ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን። ሰባት ሰው ይበቃል፦ ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የሒሳብ ኃላፊ፣ የትምህርትና ምርምር ኃላፊ፣ የአባላት ጉዳይ ኃላፊ። ኦዲተር ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ኦዲተሩን ጠቅላላ ጉባኤው በቀጥታ ይምረጠው፤ ሪፖርቱንም ለጉባኤው ያቅርብ።

ከአንድ መሥሪያ ቤት ከሦስት ሰው በላይ እንዳይመረጥ ገደብ አድርጉ። ቢያንስ አንድ ሰው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ቢያንስ አንድ ሰው ከሰሜን ወሎ ወይም ከዋግ ኽምራ ይሁን። እዚህ ላይ "ብቃት ነው መታየት ያለበት" የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ብቃቱ እኮ በየቦታው አለ። ለመመረጥ ግን መታየት ያስፈልጋል፤ አዳራሹ የሚገኝበት ከተማ ሰው ሁሌም ይበልጥ ይታያል።

የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት፣ በተከታታይ ከሁለት ጊዜ ያልበለጠ ይሁን። ሁሉም ባንድ ቀን አይውረዱ። በመጀመሪያው ምርጫ ከሰባቱ ሦስቱ በዕጣ ለአንድ ዓመት ብቻ ይመረጡ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ገሚሱ ይቀየራል፣ ገሚሱ ይቆያል። አዲስ የመጣው ከነባሩ ይማራል። ባዶ ቢሮ የሚረከብ ኮሚቴ አይኖርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ሲሄድስ? ይሄን በዝርዝር ጻፉት፦

"የሥራ አስፈጻሚ አባል ለትምህርት፣ ለዝውውር ወይም በሌላ ምክንያት ከሦስት ወር በላይ ከቅርንጫፉ የሥራ ክልል ሲርቅ፣ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ተከታታይ ስብሰባ ሲቀር ቦታው ክፍት ይሆናል። ሰብሳቢው ሲጎድል ምክትሉ ያለ ተጨማሪ ውሳኔ ይተካል። በሌላው ቦታ ባለፈው ምርጫ ቀጣዩን ድምፅ ያገኘው ተጠባባቂ ይገባል።"

ተጠባባቂ ለመኖሩ በምርጫው ዕለት የሁሉም ዕጩዎች ድምፅ በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት። "እገሌ ተመረጠ" ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም።

ርክክቡ በ15 ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ፣ ሁለቱም ፈርመው ይሁን። ምን ምን እንደሚረከብ በስም ይዘርዘር፦ ማኅተም፣ የቃለ ጉባኤ መዝገብ፣ የአባላት መዝገብ፣ ቼክ፣ ደረሰኝ ጥራዝ፣ የተላኩና የመጡ ደብዳቤዎች ፋይል፣ የኢሜይልና የቴሌግራም ቻናል የይለፍ ቃል። የመጨረሻዋን አትናቁ። የቴሌግራም ቻናሉ በአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ተከፍቶ ሰውዬው ውጭ አገር ሲሄድ ቻናሉም አብሮት ይሄዳል። ኢሜይሉ በማኅበሩ ስም ይከፈት፤ የቻናሉ አስተዳዳሪዎችም ሁሌም ከሁለት አይነሱ።

ምርጫው በምስጢር ይሁን። አስመራጭ ኮሚቴው ሦስት ሰው፣ ራሳቸው ዕጩ ያልሆኑ። ድምፅ እኩል ከሆነ በዚያው ዕለት ሁለተኛ ዙር፣ ያም እኩል ከሆነ ዕጣ። እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ስድስተኛ፦ ገንዘብ

"እኛ የተማርን ሰዎች ነን፣ እንተማመናለን" የሚል ሰው አይጠፋም። ወሎ ውስጥ ግን ቅሬን፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን፣ የማያውቅ የለም። ከቅሬ በላይ በመተማመን የሚኖር ስብስብ የለም፤ ያም ሆኖ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ገንዘቡ በሰው ፊት ይቆጠራል። መተማመኑ ጸንቶ የኖረው በዚህ ሥርዓት ነው። የሳይንስ ማኅበርም ከዚህ ያነሰ ሥርዓት ሊኖረው አይገባም።

መጀመሪያ ከዋናው ማኅበር ጋር የመዋጮውን ክፍፍል ተነጋገሩ። ለምሳሌ 60 በመቶ ለቅርንጫፍ፣ 40 በመቶ ለዋናው። ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን በደብዳቤ ይጽደቅ። በቃል የተባለ ክፍፍል አዲስ የዋና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሲመጣ ይረሳል።

የባንክ ሒሳቡ በማኅበሩ ስም፣ በዋናው የውክልና ደብዳቤ ይከፈት። ፈራሚዎቹ ሦስት ይሁኑ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሲፈርሙ ገንዘብ ይውጣ። ሁለት ፈራሚ ብቻ ካላችሁ አንዱ ሲሄድ ሒሳቡ ይታሰራል። ሦስት ከሆኑ ሥራው አይቆምም። ባልና ሚስት ወይም ወንድማማቾች አብረው ፈራሚ አይሁኑ።

መዋጮ በቴሌብር ወይም በባንክ ዝውውር ሲከፈል ወደ ማኅበሩ ሒሳብ ብቻ ይግባ። ወደ ገንዘብ ያዡ የግል ስልክ መላክ የለመደ ቅርንጫፍ ይዋል ይደር እንጂ ይጣላል። ገንዘብ ያዡ ንጹሕ ሰው ቢሆንም እንኳ የራሱንና የማኅበሩን መለየት ያቅተዋል። በእጅ የተቀበለ ደረሰኝ ይቁረጥ፤ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ባንክ ያስገባ። ለአነስተኛ ወጪ በእጅ የሚያዘው ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው። ጣሪያውን በደንቡ ውስጥ በብር አትጻፉት፤ የብር ዋጋ ሲለወጥ ደንብ ማሻሻል ሊያስፈልጋችሁ ነው። "ጠቅላላ ጉባኤው በየዓመቱ በሚወስነው መጠን" በሉት።

አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የእናንተ ኪራይ፣ የእናንተ ውሎ አበል፣ የእናንተ የሻይ ወጪ በዋናው ማኅበር ሒሳብ ውስጥ ነው የሚደመረው። ስለዚህ ሒሳባችሁን የአስተዳደርና የፕሮግራም ብላችሁ ከመጀመሪያው ለዩ። በዓመቱ መጨረሻ ከወረቀት ክምር ውስጥ መለየት አይቻልም። የበጀት ዓመቱ ከዋናው ጋር አንድ ይሁን። ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነ የቅርንጫፉ ሪፖርት ሐምሌ 30 ዋናው ዘንድ ይድረስ። ዋናው ለባለሥልጣኑ የሚያቀርበው ዓመታዊ ሪፖርት አለበት፤ እናንተን እየጠበቀ መዘግየት የለበትም።

ሰባተኛ፦ በቅርንጫፉ ስም ማን ይናገራል?

ይሄ አንቀጽ በብዙ ደንብ ውስጥ የለም። ለሳይንስ ማኅበር ግን ከሁሉ የሚያስፈልገው ይመስለኛል።

አንድ ጋዜጠኛ ይደውላል እንበል። "የሐይቅ ውኃ ተበክሏል ይባላል፣ የእናንተ ማኅበር ምን ይላል?" ይላል። ስልኩን ያነሣው ሰው ያሰበውን ይናገራል። በማግስቱ "የሳይንስ ማኅበሩ አረጋገጠ" ተብሎ ይሰማል። ዓሣ አጥማጁ ገበያ ያጣል፤ ወይም በተቃራኒው ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባውን ውኃ ይጠጣል። ናሙና የወሰደ ሰው የለም።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ወስኑ። በቅርንጫፉ ስም መግለጫ የሚሰጠው ሰብሳቢው፣ እሱ ከሌለ ምክትሉ ነው። መግለጫው ሳይንሳዊ ድምዳሜ ካለው ቢያንስ ሦስት በጉዳዩ የሠሩ አባላት በጽሑፍ ይዩት። መረጃው ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተለካ፣ በምን ዘዴ እንደተለካ አብሮ ይገለጽ። አገር አቀፍ ጉዳይ ከሆነ የዋናው ማኅበር ፈቃድ ይቅደም። ማንም አባል በግሉ መናገር ይችላል፤ ግን "የግል አስተያየቴ ነው" ይበል፤ የማኅበሩን አርማና ማኅተም አይጠቀም።

የጥቅም ግጭትም እዚህ ይግባ። ከአንድ ፋብሪካ ደመወዝ የሚያገኝ አባል ስለዚያ ፋብሪካ ፍሳሽ በሚሰጥ አስተያየት ላይ ያስረዳ፣ ድምፅ ግን አይስጥ። ሰውየውን መጠርጠር አይደለም፤ እሱንም ከጫና መጠበቅ ነው። በዓውደ ጥናት ለሚቀርቡ ጽሑፎችም ገምጋሚው የራሱን ተማሪ ሥራ እንዳይገመግም ጻፉ። የሰውና የእንስሳት ናሙና ያለበት ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ከሌለው መድረክ አይሰጠው። ቅርንጫፉ ከፓርቲ ፖለቲካና ከሃይማኖት ክርክር ገለልተኛ መሆኑም ባጭሩ ይስፈር።

ስምንተኛ፦ አለመግባባት፣ ማሻሻያ፣ መፍረስ

በአባላት መካከል ጸብ ሲነሣ መጀመሪያ ሦስት የተከበሩ አባላት በሽምግልና ይዩት። አገሩ ሽምግልና ያውቃል፤ ይጠቅማችኋል። በ30 ቀን ካልተፈታ ወደ ዋናው ማኅበር ይሂድ። አንድ ገደብ ግን አድርጉ፦ የገንዘብ ጉድለት በሽምግልና አይዘጋም። ኦዲት ተደርጎ ውጤቱ ለጉባኤ ይቀርባል። ዕርቁ ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

የማሻሻያ ሐሳብ ከጉባኤው 30 ቀን በፊት በጽሑፍ ይቅረብ፤ ከጥሪው ጋርም ለአባላት ይላክ። ከጸደቀም በኋላ የዋናው ማኅበር ማረጋገጫ እስኪመጣ በሥራ ላይ አይውልም። ቅርንጫፉ ቢፈርስ ንብረቱ ሁሉ ለዋናው ማኅበር ይመለሳል፤ ለአባላት አይከፋፈልም።

ዘጠነኛ፦ ማርቀቅና ማጽደቅ

አርቃቂ ኮሚቴው ከአምስት ሰው አይብለጥ። አንድ የሕግ ሰው ብታገኙ ጥሩ ነው፤ በየዩኒቨርሲቲው የሕግ መምህራን አሉ፣ ጠይቁ። ረቂቁ በቀላል አማርኛ ይጻፍ። "እንዲሁም፣ ከዚህም በተጨማሪ፣ በሌላም በኩል" እያለ ግማሽ ገጽ የሚጓዝ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል። አንድ አንቀጽ አንድ ነገር ይናገር።

ረቂቁን ለአባላት ሦስት ሳምንት ስጡ። አስተያየት በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያ በመሥራች ጉባኤው አንቀጽ በአንቀጽ ይነበብ። ጊዜ ይወስዳል፤ ሰው ይሰለቻል። ግን በጅምላ "ይጽደቅ" የተባለ ደንብ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው አርቃቂው ብቻ ነው። አርቃቂው ደግሞ አንድ ቀን ይሄዳል። አከራካሪ አንቀጽ ሲመጣ ለብቻው ድምፅ ይሰጥበት። ቁጥሩ በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

የጸደቀው ደንብ በየገጹ በሰብሳቢውና በጸሐፊው ይፈረም። ቀኑና የገጽ ቁጥሩ ይጻፍ። ከቃለ ጉባኤውና ከተሰብሳቢዎች ፊርማ ዝርዝር ጋር በሸኚ ደብዳቤ ለዋናው ማኅበር ይላክ። መላኩ በመዝገብ ቁጥር ይያዝ። ማረጋገጫው በጽሑፍ እስኪመጣ ጠብቁ፤ "በስልክ እሺ ብለውናል" አይበቃም።

ቅጂውን በአንድ ቦታ አታስቀምጡ። በ2013 መጨረሻና በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ብዙ ንብረት ጠፍቶባቸዋል። አንድ ኦርጅናል ደሴ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ወልድያ፣ አንድ አዲስ አበባ ዋናው ማኅበር ጋ ይሁን። ስካን የተደረገውም በማኅበሩ ኢሜይል ይቀመጥ፤ ጸሐፊው በየሦስት ወሩ የአዳዲስ ቃለ ጉባኤዎችን ቅጂ ይጨምርበት።